መብራት ሄዶ ሲመጣ ቴሌግራም ይሠራል፣ ዌብሳይት ግን አይከፍትም

ውርጭ | ደብረ ብርሃን | ጥር 5 ቀን 2017፣ ከቀኑ 8፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ወደ 40 ሠራተኛ ያለበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ኔትወርኩን የምይዘው ብቻዬን ነው። ከታህሳስ ወዲህ አንድ ችግር እየተመላለሰ አላስቀምጥ ብሎኛል። የዛሬው ሦስተኛ ጊዜው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሊት መብራት ይሄዳል። ጠዋት 2፡30 ስገባ መብራቱ መጥቷል፣ ፋየርዎሉ ግን ጠፍቶ ይጠብቀኛል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) የለውም፤ ያለን አንድ ዩፒኤስ የፋይል ሰርቨሩ ላይ ነው። ፋየርዎሉ፣ ማለትም በቢሮው ኔትወርክና በኢንተርኔቱ መሐል ያለው ጠባቂ፣ ፒኤፍሴንስ የሚባል ሶፍትዌር የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ለኮምፒውተሮቹ አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒንም፣ የዌብሳይት ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚፈታውን ዲኤንኤስንም የሚሠራው እሱ ነው። አድራሻው 192.168.10.1። ቁልፉን ተጭኜ አስነሳዋለሁ፣ ያለችግር ይነሳል። ከዚያ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። ግማሾቹ «ኢንተርኔት የለም» ይላሉ። ሌሎቹ «ኧረ አለ፣ ቴሌግራም እየገባልኝ ነው» ይላሉ።

የጎግልን ዲኤንኤስ ሰርቨር 8.8.8.8ን ፒንግ ሳደርግ (አለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው) ሳይቆራረጥ ይመልሳል። ጎግል ዶት ኮምን በስሙ ፒንግ ሳደርግ ግን አላገኘሁትም ይለኛል። የውስጥ ስሞች፣ ማለትም የፋይል ሰርቨሩም ፕሪንተሩም በስማቸው ይከፈታሉ። ዛሬ ሲጨንቀኝ የፋየርዎሉ ጄኔራል ሴትአፕ ገጽ ውስጥ ባለው የዲኤንኤስ ቦታ 8.8.8.8 ጻፍኩበት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሁሉም መጣ። ከምሳ በኋላ መልሼ አወጣሁት። ይኸው አሁንም ይሠራል! ያልገባኝ ይሄ ነው።

ሌላም አለ። ራሴ ሪስታርት ሳደርገው ችግሩ አይመጣም። መብራት ሲሄድ ብቻ ነው።

የግማሽ ዓመት ሪፖርት የሚላክበት ሰሞን ስለሆነ ሁሉም ዓይኑ እኔ ላይ ነው። እባካችሁ እርዱኝ።

ሰላድንጋይ | ጥር 5፣ 9፡05

ወንድሜ አትጨነቅ። መልሰህ ካወጣኸው በኋላ የሠራው መልሱ ካሽ ላይ፣ ማለትም ለጊዜው ማስታወሻው ውስጥ፣ ስለተቀመጠ ነው። ለሁሉም ኮምፒውተር ሁለተኛ ዲኤንኤስ አድርገህ 8.8.8.8 ስጣቸውና ተገላገል። እኛ ጋ እንዲህ አድርገን ዓመት አልፎናል። ካልሆነም መስመር የሚሰጣችሁን ድርጅት ጠይቅ።

ጣርማበር | ጥር 5፣ 10፡30

ሰላድንጋይ፣ ለመርዳት መፍጠንህን እወድልሃለሁ። እዚህ ላይ ግን አልስማማም።

ዊንዶውስ ሁለት የዲኤንኤስ አድራሻ ሲሰጠው «የውስጡን ለዚህ፣ የውጩን ለዚያ» ብሎ አይከፋፍልም። የመጀመሪያው ሲዘገይበት ሁለተኛውን ይጠይቃል። ሁለተኛው 8.8.8.8 ከሆነ ደግሞ ስለ ፋይል ሰርቨራቸው የሚያውቀው ነገር የለም። «እንዲህ የሚባል የለም» ብሎ ይመልሳል። ኮምፒውተሩ ይህን በቂ መልስ አድርጎ ይወስደውና ፍለጋውን ያቆማል። አንድ ቀን ፕሪንተሩ ይጠፋል፣ ሌላ ቀን ፎልደሩ። ያውም አንዱ ክፍል ሲጠፋ ሌላው ክፍል ይሠራል። እንዲህ ያለውን ለማጥራት እኔ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። የውስጥ ስም ያለበት ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተሮቹ የውስጡን ሰርቨር ብቻ ይወቁ። ወደ ውጭ የሚጠይቅላቸው እሱ ይሁን።

ውርጭ ልጄ፣ «አላገኘሁትም ይለኛል» ብለሃል። የሚልህ ማን ነው? በምን ቃል ነው የሚለው? ፒንግ ይህን አጥርቶ አይነግርህም። ዲኤንኤስን በቀጥታ የሚጠይቀው ትእዛዝ፣ ኤንኤስሉካፕ ነው የሚያስፈልግህ። አንዱን ለ192.168.10.1፣ አንዱን ለ8.8.8.8 ጠይቅና የወጣልህን ቃል በቃል ጻፍልን።

የሸዋሮቢቷ | ጥር 5፣ ከምሽቱ 1፡15

እኔም ያየሁትን ልንገርህ፣ ምናልባት ይጠቅምህ ይሆናል። እኛ ጋ ባለፈው ዓመት ግማሹ ሰው ይሠራለታል፣ ግማሹ አይሠራለትም። የኮምፒውተሩን የኔትወርክ አድራሻ የሚያሳየውን ትእዛዝ፣ አይፒኮንፊግን፣ ከነሙሉ ዝርዝሩ ሳወጣው የማይሠራላቸው ኮምፒውተሮች አድራሻ ያገኙት ከእኔ ሰርቨር አይደለም። «ዲኤችሲፒ ሰርቨር» የሚለው መስመር ላይ የማላውቀው አድራሻ ተቀምጧል። ስዊቹ ላይ ኬብል በኬብል እየነቀልኩ ፈለግኩት። አንድ ባልደረባችን ለስልኩ ዋይፋይ ብሎ ከቤቱ ትንሽ ራውተር አምጥቶ በላን ቀዳዳው በኩል ሰክቶት ኖሯል። ራውተሩ ለጎረቤቱ ሁሉ አድራሻ ያድላል። አሁን ስዊቹ ላይ ያልተፈቀደ አድራሻ አዳይን የሚከለክለውን ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ አብርቼ ተገላግያለሁ።

ያንተ ችግር ሁሉንም የሚነካ ከሆነ ይሄ አይመስለኝም። ግን መስመሩን አንድ ጊዜ እየው።

መንዝ_ጓሳ | ጥር 5፣ 2፡50

ይቅርታ፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ። ጋሼ ጣርማበር «በምን ቃል ነው የሚለው» ያሉት አልገባኝም። አልከፍት ካለ አልከፈተም ነው። ቃሉ ምን ይለውጣል?

ፖርት53 | ጥር 5፣ 4፡10

መንዝ_ጓሳ፣ የጠየቅከው ዋናውን ነው። ረዘም አድርጌ ልመልስልህ፤ ውርጭንም ይጠቅመዋል።

አንድ እንግዳ መሐል ሜዳ ወርዶ የአንድ ሰው ቤት ይፈልጋል እንበል። ራሱ አይዞርም። አገሩን የሚያውቅ አንድ ልጅ ይዞ «አንተ ጠይቅልኝ» ይለዋል። ልጁ የቢሮው ዲኤንኤስ ነው። ልጁ መጀመሪያ ሥር የሚባሉትን ሰርቨሮች ይጠይቃል። ከኤ እስከ ኤም ድረስ 13 ስም አላቸው። ቤቱን እነሱም አያውቁትም። «በዶት ኢቲ የሚያልቀውን ስም የሚያውቁት እነዚያ ናቸው» ብለው ያመላክታሉ። እነዚያ ደግሞ ወደ ሰፈሩ ይመሩታል። ሰፈሩ ቤቱን ያሳያል። ሰው የቀበሌውን፣ ቀጥሎ የጎጡን፣ ቀጥሎ የቤቱን እየጠየቀ እንደሚደርሰው ነው። አሠራሩን ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲያወጣው ዋናው ሐሳብ ይሄ ነበር። ከዚያ በፊት ስሙ ሁሉ የሚገኘው አንድ ፋይል ላይ ነበር፤ ሁሉም ፋይሉን እየገለበጠ ይጠቀም ነበር።

አሁን ልጁ ባዶ እጁን የሚመለስበት መንገድ አንድ አይደለም።

አንደኛው ታይምአውት ነው። በሩን አንኳኳህ፣ አንኳኳህ፣ የሚከፍት የለም። ይሄን ጊዜ የምታየው ኬብሉን፣ አገልግሎቱ መነሳቱን፣ ዲኤንኤስ የሚያልፍበት ፖርት 53 ተዘግቶ እንደሆነ ነው።

ሁለተኛው ኤንኤክስዶሜይን ነው። ሰው ወጥቶ «እዚህ አገር እንዲህ የሚባል የለም» ይልሃል። በሩ ተከፍቷል፣ መልስ ተሰጥቷል። ስሙን አሳስተህ ጽፈህ ይሆናል፣ ወይም የጠየቅከው የማይመለከተውን ሰው ነው። ጋሼ ጣርማበር ስለ 8.8.8.8 ያሉት ይሄኛውን ነው።

ሦስተኛው ሰርቭፌይል ነው። ዊንዶውስ ላይ «ሰርቨር ፌይልድ» ብሎ ይወጣል። ልጁ «ጠይቄልህ ነበር፣ የምነግርህ መልስ ግን የለኝም» ይልሃል። ወይ የጠየቃቸው አልመለሱለትም፣ ወይ መልሰውለት መልሱን ማመን አቅቶታል። ይሄኛው ሲመጣ ኬብል መነቃቀል ጊዜ ማጥፋት ነው። ችግሩ ያለው ልጁ ራሱ ጋ፣ ወይም ከልጁ ወዲያ ነው።

ሪፊውዝድ የሚባልም አለ። እሱ «ለአንተ አልናገርም» ማለት ነው።

ስለዚህ መንዝ_ጓሳ፣ «አልከፈተም» ስትል አራት የተለያየ ነገር በአንድ ቃል ጠቅልለህ ነው የምትነግረኝ። መድኃኒታቸው ደግሞ ለየቅል ነው።

ውርጭ፣ ከጻፍከው ውስጥ ሁለት ነገር ይዤ ልተኛ ነው። ሪስታርት ሲሆን ችግር የለም፣ መብራት ሲሄድ ችግር አለ። 8.8.8.8 አስገብተህ ስታወጣውም መሥራቱን ይቀጥላል። ካሽ አይደለም፤ ካሽ ቢሆን ከዚያ በፊት ያልተከፈተ አዲስ ዌብሳይት አይከፍትም ነበር። ሦስት ነገር ንገረኝ። ኤንኤስሉካፑ ምን አለ? የዲኤንኤስ አገልግሎቱ አንባውንድ የሚባለው ሶፍትዌር ነው፣ የመልሱን ፊርማ የሚያጣራው ዲኤንኤስሴክስ በርቷል? የፋየርዎሉን ሰዓትስ አይተኸዋል?

ውርጭ | ጥር 6፣ ከጠዋቱ 4፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በየተራ ልመልስ።

የሸዋሮቢቷ እህቴ፣ መስመሩን አየሁት። ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ 192.168.10.1 ነው የሚለው፣ አምስት ኮምፒውተር ላይ። ሌላ ራውተር የለም።

ጋሼ ጣርማበር፣ አሁን ስለሚሠራ መፈተን አልቻልኩም። ግን ሰኞ ጠዋት በጭንቀት ስክሪኑን በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበር። 192.168.10.1ን ስጠይቀው የሚለው «ሰርቨር ፌይልድ» ነው። ወዲያው ነው የሚመልሰው፣ አይዘገይም። 8.8.8.8ን በቀጥታ ስጠይቀው ግን ትክክለኛ አድራሻ ይሰጠኛል።

አንድ የረሳሁት ነገር አለ። የፋይናንስ ባለሙያችን ፋየርፎክስ ብቻ ሁሉንም ዌብሳይት ይከፍት ነበር። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሌላው ብሮውዘር አይከፍትም።

ፖርት53 እህቴ፣ አዎ አንባውንድ ነው፣ ዲኤንኤስሴክም በርቷል። ሲጫን ጀምሮ እንደነበረ ነው፣ አልነካሁትም። ጄኔራል ሴትአፕ ውስጥ ያለው የዲኤንኤስ ቦታ ባዶ ነው። ሰዓቱን አይቼዋለሁ፣ ትክክል ነው። የሰኞ ጠዋቱ ፎቶ ላይ ዳሽቦርዱም አለ። 3፡09፣ ጃን፣ 2017 ይላል።

ፖርት53 | ጥር 6፣ 4፡25

ውርጭ ወንድሜ፣ የጻፍከውን የመጨረሻ መስመር ቀስ ብለህ መልሰህ አንብበው።

ፋየርዎልህ በእኛ ዘመን አቆጣጠር አይሠራም። የእኛ ጥር 2017 ለእሱ ጃንዋሪ 2025 ነው። በጠዋቱ 3 ሰዓት ደግሞ እሱ 9 ነው ማለት ያለበት።

ፎቶውን አስፋውና ከጃን በፊት ያለችውን የቀን ስም እያት። ምን ትላለች?

ውርጭ | ጥር 6፣ 4፡41

ሰን ትላለች። እሑድ። ፎቶውን ያነሳሁት ሰኞ ነው። ሙሉው «ሰን ጃን 1፣ 3፡09፣ 2017» ነው።

አሁን ዳሽቦርዱን ከፍቼ አየሁት። ቱስ (ማክሰኞ) ጃን 14 2025 ይላል፣ ሰዓቱም 10፡41። አሁን ትክክል ነው። ሰኞ ጠዋት ግን 8 ዓመት ወደ ኋላ ነበር። ዓይኔ 3 ሰዓትን፣ ጥርን፣ 2017ን አየና አለፈው። የእጄ ሰዓትም 3 ሰዓት ገደማ ነበር። ኮምፒውተር 9 እንደሚል አጥቼው አይደለም። ሁሉም እንደኛው ሆኖ ስለመጣ ነው።

ፖርት53 | ጥር 6፣ 5፡30

ማንም ሰው ያልፈዋል። እኔንም ያስጠረጠረኝ ያ «ትክክል ነው» ያልከው 3 ሰዓት ነው።

የሆነውን እንዲህ እገምታለሁ። የማዘርቦርዱ የሰዓት ባትሪ ሞቷል። ሪስታርት ሲሆን ኤሌክትሪኩ ስለማይቋረጥ ሰዓቱ ይቀጥላል። መብራት ሲሄድ ግን የሚይዘው የለምና ሰዓቱ ይጠፋል። ጠዋት አንተ ቁልፉን ስትጫን ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው የውስጥ ፕሮግራም) መነሻ አድርጎ ከያዘው ቀን ይጀምራል፤ የእናንተው ጃንዋሪ 1 ቀን 2017፣ ከ0 ሰዓት። ፒኤፍሴንስ ያንን የዓለም ሰዓት አድርጎ ይወስደውና የአዲስ አበባን 3 ሰዓት ይደምርበታል። ስለዚህ ቁልፉን በተጫንክ ቁጥር ሰዓቱ ከ3፡00 ይጀምራል። አንተ ደግሞ በዚያው በ3 ሰዓት አካባቢ ነህ። ፎቶውን ያነሳኸው ካስነሳኸው 9 ደቂቃ ያህል ቆይተህ መሆን አለበት።

መንዝ_ጓሳ | ጥር 6፣ 6፡10

ቆይ ቆይ። ቀን ተሳሳተ እንበል። ስም መፍታት ከቀን ጋር ምን አገናኘው?

ፖርት53 | ጥር 6፣ 7፡45

ያገናኘው ዲኤንኤስሴክ ነው። ልጁ ይዞት የሚመጣው መልስ መንገድ ላይ ተለውጦ እንዳይሆን መልሱ በፊርማ ይታሰራል። ሥሩ ራሱ ከጁላይ 2010 ጀምሮ ፊርማ አለው። ፊርማው ደግሞ እንደ ማንኛውም የጊዜ ወሰን ያለው ማስረጃ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» ይላል። አንባውንድ ሲነሳ መጀመሪያ የሥሩን ቁልፍ ያመጣና ፊርማውን ያያል። ፊርማው የ2025 ነው። እሱ ያለው 2017 ላይ ነው። ስለዚህ «ይህ ፊርማ የሚጀምርበት ቀን ገና አልደረሰም» ብሎ ይጥለዋል። ሥሩን ካላመነ ከሥሩ በታች ያለውን አንድም አያምንም። ለሁሉም ሰርቭፌይል ይመልሳል፣ ፊርማ ለሌላቸው ስሞች ጭምር።

የውስጥ ስሞቻችሁ የሚሠሩት እሱ ራሱ መዝግቦ ስለያዛቸው ነው። ማንንም አይጠይቅም፣ ፊርማም አያይም። ቴሌግራም የሚሠራው አፑ የሰርቨሮቹን የአይፒ ቁጥር ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚመጣ ነው። የፋይናንስ ባለሙያዋ ፋየርፎክስ ደግሞ ሴኪዩር ዲኤንኤስ በርቶበት ይሆናል። ያ ሲበራ ብሮውዘሩ የቢሮውን ዲኤንኤስ ትቶ በራሱ መንገድ ውጭ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ቋጠሮው ልምጣ። ፒኤፍሴንስ ሲነሳ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ለማስተካከል ይሞክራል። ግን የሰዓት ሰርቨሩ የተጻፈው በስም ነው። ስሙን ለማግኘት ዲኤንኤስ ያስፈልገዋል። ዲኤንኤሱ እንዲሠራ ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልገዋል። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው «አንተ ቅደም» ይባባላሉ፣ ማንም አይቀድምም።

አንተ ጄኔራል ሴትአፕ ውስጥ 8.8.8.8 ስትጽፍ ፋየርዎሉ ለራሱ ስም የሚጠይቅበት ሌላ በር አገኘ። የሰዓት ሰርቨሩን ስም ፈታ፣ ሰዓቱ ተስተካከለ፣ አንባውንድም ፊርማዎቹን ማመን ጀመረ። ከዚያ በኋላ 8.8.8.8ን ብታወጣውም ሰዓቱ ትክክል ነውና ይሠራል። እስከሚቀጥለው የመብራት መጥፋት ድረስ።

ግምት ግምት ነው፣ እንፈትነው። ነገ ሰው ከወጣ በኋላ ፋየርዎሉን በሥርዓት ዝጋው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን 10 ደቂቃ ንቀል፣ መልሰህ አስነሳው። ሰዓቱን እይ። ከዚያ ሊኑክስ ያለው ላፕቶፕ ካለህ ዲግ በሚባለው የዲኤንኤስ መጠየቂያ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ጠይቀው። አንዴ እንዲሁ፣ አንዴ «ፕላስ ሲዲ» ጨምረህ። ሲዲ ማለት «ፊርማውን አታጣራ፣ ያገኘኸውን ስጠኝ» ማለት ነው። እንዲሁ ሲጠየቅ ሰርቭፌይል ብሎ በሲዲ አድራሻውን ከሰጠህ ነገሩ አለቀ፤ ኬብልም መስመርም አይደለም፣ የፊርማ ማጣራቱ ነው።

ሰላድንጋይ | ጥር 6፣ 8፡20

ጥሩ ተምሬያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እንዲህ ከሆነ ዲኤንኤስሴክን አጥፍቶት አይገላገልም? አንድ ምልክት ማንሳት ነው።

ጣርማበር | ጥር 6፣ 9፡00

ይችላል፣ ለዛሬም ያበቃል። እኔ ግን አልመክርም። በ2008 ዳን ካሚንስኪ አንድ ሰርቨር የሐሰት አድራሻ እንዲያስታውስ ማድረግ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ሲያሳይ ዓለም ሁሉ ነው በጥድፊያ ሶፍትዌሩን ያደሰው። ፊርማው የመጣው ለዚያ ዓይነቱ ነገር ነው። ደግሞ ሰዓቱ እንደተሳሳተ ከቀረ የፋየርዎሉ ሎግ በሙሉ የተሳሳተ ቀን ይዞ ይቀመጣል። አንድ ቀን «ሰኞ ማን ገባ?» ብለህ ስትፈልግ የ2017 እሑድን ነው የምታገኘው። ባትሪው ርካሽ ነው፣ ባትሪውን ይቀይር።

ውርጭ | ጥር 7፣ ከምሽቱ 1፡50

ፈተንኩት። 11፡40 ላይ የመጨረሻው ሰው ወጣ። ዘጋሁት፣ ገመዱን ነቀልኩ፣ 10 ደቂቃ ጠበቅሁ፣ አስነሳሁት።

ሰን ጃን 1፣ 3፡02፣ 2017።

ብቻዬን ቆሜ ትንሽ አየሁት። ከዚያ ላፕቶፑን ከፈትኩ። በዲግ እንዲሁ ስጠይቀው ሰርቭፌይል። በፕላስ ሲዲ ስጠይቀው አድራሻው ቁልጭ ብሎ ወጣ። የአንባውንድ ሎግ ላይም የፊርማው መጀመሪያ ቀን እንዳልደረሰ የሚናገር መስመር በተደጋጋሚ አለ። ፖርት53 እህቴ፣ አንድም አልሳትሽም።

ከዚያ 8.8.8.8ን አስገባሁ። ዓይኔን ከዳሽቦርዱ አልነቀልኩም። 4 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሰዓቱ ከ2017 ዘልሎ 2025 ገባ። አንድ ከዚያ በፊት ከፍቼው የማላውቀው ዌብሳይት ሞከርኩ፣ ተከፈተ።

እነዋሪ | ጥር 7፣ 3፡20

እኔ የኮምፒውተር ጥገና ላይ ነው የኖርኩት፣ ስለ ባትሪው ልበል። ሲአር 2032 ይባላል፣ ሳንቲም የመሰለች ናት፣ 3 ቮልት። ሰዓት የሚጠግኑ ሰዎች ጋም አይጠፋም። ኮምፒውተሩ ግድግዳ ላይ እስከተሰካ ድረስ ባትሪዋ አትደክምም፣ ኤሌክትሪኩ ይይዘዋል። የሚያደክማት ገመዱ የተነቀለበትና መብራት የሌለበት ሰዓት ነው። መብራት የሚመላለስበት ቦታ ላይ ቶሎ ታልቃለች። ብርዱም ጉልበቷን ይቀንሰዋል፤ የደብረ ብርሃን የጥር ሌሊት ደግሞ ይታወቃል።

ስታወጣት የያዛትን ትንሽ ምላስ ብቻ ገፋ አድርግ፣ በጠመንጃ መፍቻ አትጎርጉር። ጽሑፍ ያለበትና የመደመር ምልክት ያለው ፊቷ ወደ ላይ ነው። መልቲሜትር ካለህ አሮጌዋን ለካት፣ ትነግርሃለች።

ውርጭ | ጥር 8፣ ከቀኑ 9፡15

ጋሼ እነዋሪ፣ እንዳሉት አደረግሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ከፈትኩት። ውስጡ አቧራ ሞልቷል፣ በብሩሽ ጠረግሁት። አሮጌዋን ስለካት 0.9 ቮልት። አዲሷ 3.2። ገመዱን ነቅዬ 20 ደቂቃ ጠብቄ አስነሳሁት፤ ሰዓቱ ከእጄ ሰዓት ጋር እኩል ነው።

ሁለተኛ፣ የሰዓት ሰርቨሩን በቁጥርም ጻፍኩት። 216.239.35.0 እና 216.239.35.4፣ የጎግል የሰዓት ሰርቨሮች ናቸው። ባትሪዋ ሌላ ጊዜ ብትሞት እንኳ ሰዓቱን ለማስተካከል ስም አያስፈልገውም። ዲኤንኤስሴክ እንደበራ ነው። ጄኔራል ሴትአፑም ባዶ ነው።

ለፋየርዎሉ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ በደብዳቤ ጠይቄያለሁ። ምክንያቱን ስጽፍ የሦስቱን ጠዋቶች ቀንና የጠፋውን ሰዓት አያይዤበታለሁ።

ፖርት53 | ጥር 8፣ 10፡00

ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የጎግሎቹን ከጻፍክ የድሮዎቹን በስም የተጻፉትን አውጣቸው፣ አትቀላቅል። ጎግል ሊፕ ሰከንድ (የዓለምን ሰዓት ለማስተካከል አንዳንዴ የሚጨመር አንድ ሰከንድ) ሲመጣ በአንዴ አይጨምረውም፣ ቀኑን ሙሉ ያዳርሰዋል። ሌሎቹ በአንዴ ይጨምራሉ። በዚያን ቀን ሁለቱ አይስማሙም። የመጨረሻው ሊፕ ሰከንድ የተጨመረው በ2016 መጨረሻ ስለሆነ አሁን አታየውም፣ ግን ከወዲሁ ይጥራ።

ውርጭ | ጥር 8፣ 10፡12

አወጣኋቸው።

የሸዋሮቢቷ | ጥር 9፣ ከጠዋቱ 3፡30

ይሄን ካነበብኩ በኋላ የእኛን ኮምፒውተሮች ሰዓት በሙሉ ዞሬ አየሁ። ሁለቱ ወደ ኋላ ቀርተዋል። አንደኛው «ዶሜይን ውስጥ አልገባም» እያለ ሳምንት ያስቸገረኝ ነው። የፓስወርድ ችግር መስሎኝ ሦስት ጊዜ ቀይሬላቸዋለሁ። ለካ ኮምፒውተሩና ሰርቨሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያዩ ከርበሮስ የሚባለው የመግቢያ ማረጋገጫ አያስገባም። 11 ደቂቃ ነበር ልዩነቱ። እዚህ ሙቀቱ እንጂ ብርዱ የለም፣ ባትሪው ግን እዚህም ይሞታል።

መንዝ_ጓሳ | ጥር 9፣ 5፡05

እኔ የምጠይቀው ሎግ ላይ ያለውን ሰዓት ነው። ሎጉ በዓለም ሰዓት ከተጻፈ ወደ እኛ እንዴት ነው የምመልሰው? ሁሌ ይምታታብኛል።

ጣርማበር | ጥር 9፣ 5፡40

ጥሩ ጥያቄ ነው። በዓለም ሰዓት የተጻፈ ሎግ ካየህ 3 ቀንስ፤ በእኛ አቆጣጠር ያለውን ሰዓት ታገኛለህ። ሎጉ 6፡00 ካለ ለእኛ ጠዋት 3፡00 ነው። 9፡00 ካለ ቀን 6፡00 ነው። ሎጉ በኢትዮጵያ የሰዓት ክልል ከተጻፈ ደግሞ 6 ቀንስ፤ 9፡00 ካለ 3፡00 ነው። ሰዓቱን ከመቁጠርህ በፊት ግን ሎጉ በየትኛው እንደተጻፈ አረጋግጥ። እኔ ከስልክ የሚደውልልኝን ሰው «በእኛ ነው በእነሱ?» ሳልል አላልፍም።

ውርጭ | ጥር 13፣ ከጠዋቱ 4፡20

እንኳን አደረሳችሁ። በዓሉ እንዴት ነበር?

የከተራ ዕለት ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር አሉ፣ እስከ እሑድ ጠዋት። ዛሬ ስገባ ፋየርዎሉ እንደ ልማዱ ጠፍቷል። ዩፒኤሱ ገና ነው። ቁልፉን ተጫንኩ። መጀመሪያ ያየሁት የቀኗን ስም ነው። ቱስ። ከዚያ ጃን 21፣ ከዚያ 2025። ስልኬ እስካሁን አልጮኸም።

ጣርማበር | ጥር 13፣ 4፡50

እንኳን አብሮ አደረሰን ልጄ። ካንተ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዲያውቀው ሳጥኑ ላይ ጻፍበት።

ውርጭ | ጥር 13፣ 5፡15

አሁን ለጠፍኩበት። ነጭ ፕላስተር ላይ በማርከር እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «የሰዓት ባትሪ ሲአር 2032 ተቀይሯል። ጥር 8 ቀን 2017 በእኛ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 2025 በእነሱ። ስም አልፈታ ካለ መጀመሪያ ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ ያንብቡ።»